የዘገየ ምርቃት፦ የመምህር እንግዳወርቅ ገብረአማኑኤል የሕይወት ታሪክ (1955–2018 ዓ.ም.)

መምህር እንግዳወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ገብረአማኑኤል ወርዶፋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ደስታ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ጊንጪ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ጭልሞ ተወለዱ። አባታቸው የጭልሞ ደን ጠባቂ ስለነበሩ ልጅነታቸው በጽድና በዝግባ መካከል አልፏል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጊንጪ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በዛሬዋ አምቦ ተከታተሉ። በ1977 ዓ.ም. ከኮተቤ መምህራን ኮሌጅ በፊዚክስ በዲፕሎማ ተመርቀው ባኮ ተመደቡ። በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ምኞት ባይሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴናንና ቃለአብን ወለዱ። በ1986 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተዛውረው በ2015 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ ቀጥሎም በ2006 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በክረምት ትምህርት አገኙ።

የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቀረው የሕመሙና የስንብቱ ነገር ነው። መምህር እንግዳወርቅ ግን የራሳቸው እንዲህ እንዳይሆን አዘዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ለወንድማቸው ልጅ ለእኔ እንድጽፈው ሲነግሩኝ፣ “አሳምረህ እንዳትጽፍ። ቅናቴን አስገባው። እሱን ካወጣኸው ሌላውንም አታንብብ” ብለውኛል። ስለዚህ እናንተ ለቀብር የመጣችሁ ወዳጆቻቸው፣ በእነዚህ ዓመታት የሆነውን እንደሆነው እንድትሰሙ በትዕግሥት እለምናችኋለሁ።

መምህር እንግዳወርቅ በፊዚክስ ውስጥ ከሁሉ የሚወዱት አንድ ነገር ነበር፤ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍበት ቁስ የሚሆነው ነገር። የተማሩባቸው ሁሉ ያስታውሱታል። ውሃ ሳይቀዘቅዝ፣ ትኩስ እንደሆነ እንኳ፣ በበቂ ግፊት ከተጫነ በረዶ ይሆናል ይሉ ነበር። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ላምባ ውስጥ ተነክሮ የተቀመጠውን ሶዲየም እያሳዩ፣ “ይህ በቢላ የሚቆረጥ ብረት ሁለት ሚሊዮን እጥፍ የአየር ግፊት ቢያርፍበት ብረትነቱን ይተውና እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል” ይሉ ነበር። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ሲጫን ይጠጥራል፣ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ኋላ ቀይ ይሆናል ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቁት በንባብ ነው። በዓይናቸው ማየት የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ነበር። በውጭ አገር እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ወዳለበት ለመሄድ ደጋግመው አመልክተው አንዱም አልሆነላቸውም።

በ2007 ዓ.ም. ጃለኔ መርጋ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ክፍላቸው ገባች። አባቷ ኦቦ መርጋ የባኮ በቆሎ ገበሬ ናቸው፤ እሷ አምቦ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማር ነበር። አንድ ቀን መምህር የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይዘው ገብተው ከፈቱና ጋዙ ሲፈላ አሳዩ። ግፊቱ ሲለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከውሃው ይወጣል ብለው አስረዱ። ጃለኔ እጇን አወጣች።

“መምህር፣ ባይከፈትስ? ጋዙ እየተጫነ፣ እየተጫነ ቢሄድ ምን ይሆናል?”

“ጠርሙሱ ይፈነዳል። ተቀመጪ!” ክፍሉ ሳቀ።

“ጠርሙሱ ባይፈነዳስ?”

መምህር ጥያቄውን አልፈው ትምህርቱን ቀጠሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አንብበው መጡ። ጋዙ በብዙ መቶ ሺህ እጥፍ የአየር ግፊት ተጭኖ ቢሞቅ እንደ ባልጩት ያለ ጠንካራ ድንጋይ እንደሚሆን ተናገሩ። “ባለፈው ያሳቅሁባት እኔ ነኝ። የሳቃችሁም፣ እኔም ይቅርታ እንጠይቃት” አሉ። ተማሪዎቻቸው ይህን የትልቅነታቸው ማስረጃ አድርገው ያወራሉ፤ ነውም። እሳቸው ግን ለእኔ ያሉኝ ሌላ ነው። “ያን ውሃ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠጥቼዋለሁ። አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ ኖሯል። ጋዙ ቢጫን ምን ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጠየቀች። የቀናሁት ያን ቀን ነው።” የቀኑት በጥያቄዋ ነበር።

ቀኑ እንጂ አልተመቀኙም፤ ይህን ልዩነት እንድለይላቸው አደራ ብለውኛል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከጃለኔና ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር እየቆዩ ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ ሠሩ። ከባኮ የጭነት መኪና ሾፌር ወዳጃቸው ያረጀ ክሪክ ለምነው፣ ጋራዥ ወስደው በብረት ፍሬም አስበየዱት። የከሰል ዱቄት ከመሐል አድርገው ሲጫኑት ጠንካራ እንክብል ይወጣ ነበር። ከተማው ግን ሌላ ወሬ ይዞ ዋለ፤ መምህሩ ከከሰል አልማዝ ሊያወጡ ነው ተባለ። አንዲት ከሰል ነጋዴ ጆንያ አሸክማ በራቸው ላይ መጥታ፣ “የግራር ነው መምህር፤ ከዚህ የሚሻል አልማዝ የሚያወጣ የለም” እንዳለቻቸው ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። ጎረቤታቸው ኦቦ ጀቤሳም አላረፉም።

“መምህር፣ አልማዙ ሲደርስ ለጎረቤት ቅድሚያ አለ አይደል?”

“ጀቤሳ፣ አንተ ራስህ ክሪኩ ላይ ብትቀመጥበት እንኳ አልማዝ አይወጣውም፤ ይህን ሁሉ ክብደት ይዘህ!”

ኦቦ ጀቤሳ ይህን ስድብ በየለቅሶ ቤቱ ሲያወሩት ኖረዋል፤ ዛሬም እዚህ አሉ።

ጃለኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ አጠናች። በ2014 ዓ.ም. ጀርመን አገር በሚገኝ፣ ቁስን በሁለት ትንንሽ የአልማዝ ጫፎች መካከል እየጫኑ በሚያጠኑበት ቤተ ሙከራ ለመማር አመለከተች። ስለ ችሎታዋ ምስክርነት ሲጠየቁ መምህር ያለማጓደል እውነቱን ሰጡ። ተቀበሏት። እሳቸው ሊደርሱበት የተመኙት ቦታ፣ እሳቸው ሊያዩ የተመኙት ነገር ነበር።

ያን ክረምት አምቦ ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት ይላቸው ነበር። በገበያ፣ በዕድር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ “ተማሪዎ አኮራችን!” ይሏቸዋል። እሳቸው “እኔ ምን አደረግሁ” ብለው ያልፋሉ። ሰው “እንዴት ያሉ ትሑት ናቸው” ይላል። ትሕትና እንዳልነበረ ያወቁት ወይዘሮ ምኞት ብቻ ናቸው። ማታ ራት ሲቀርብ እህል አይወርድላቸውም ነበር። ሬዲዮ ላይ ጀርመን የሚል ቃል ሲሰሙ ይዘጉታል። “የእኔ ክረምቶች ሁሉ በትምህርት አለቁ፤ ለእሷ አንድ ክረምት በቃት” ማለታቸውን ባለቤታቸው ነግረውኛል።

እንግዲህ በአገራችን ሩቅ የሚሄድ ሰው ሳይመረቅ አይሄድም። ወላጅ ይመርቃል፣ ከወላጅ ቀጥሎ መምህር ይመርቃል። ኦቦ መርጋ ልጃቸውን ይዘው፣ አንድ ጣሳ ማር አንጠልጥለው፣ ከባኮ መጡ። ቀኑን አስቀድመው አስታውቀው ነበር። መምህር ግን በዚያው ቀን በማለዳ ተነሥተው ሐሮ ወንጪ ወደሚባለው ሐይቅ ወርደው፣ በጀልባ ተሻግረው፣ በሐይቁ መሐል ካለው ከቂርቆስ ደሴት ገቡ።

“አዴ ምኞት፣ ባርሲሳ የሉም እንዴ?” አሉ ኦቦ መርጋ መምህሩን በኦሮምኛ ጠርተው፣ በሩ ላይ ቆመው።

ወይዘሮ ምኞት ጸበል ሄደዋል አሉ። እንግዶቹ እስከ ማታ ተቀመጡ፤ የመጨረሻው የባኮ መኪና ሊሄድ ሲል ተነሡ። ጃለኔ ማሩን አስቀምጣ፣ መምህር ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን ወንበር በጉልበታቸው ፈንታ ስማ ወጣች። በሦስተኛው ቀን በረረች።

መምህር ሲመለሱ ባለቤታቸው የተናገሩትን እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ደጋግመው አውርተውልኛል።

“ቂርቆስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ጸበል ልጠጣ ብዬ ነው።”

“ጸበል ከአምቦ ጠፋ? ፍል ውሃው ላይ የሚኖር ሰው ጸበል ፍለጋ ወንጪ ይወርዳል?”

“ምኞት፣ ተይኝ። ከሆድ ያልወጣ ምርቃት እርግማን ነው። በአፌ ብመርቃት ኖሮ ልጅቱን እጎዳት ነበር።”

“ታዲያ ቀረህና ጠቀምካት?”

የምርቃቱ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቃቸውም። ሊሰጡት አልቻሉም፤ ሳይሰጡትም መሞት ፈሩ።

በ2015 ዓ.ም. ጃለኔ ከጀርመን በሴና ስልክ አንድ ቪዲዮ ላከች። በአልማዞቹ መካከል የተጫነ ኦክሲጅን፣ በማጉያ መነጽር የተቀረጸ ነበር። “ለመምህር አሳዪልኝ፤ መጀመሪያ የነገሩን እሳቸው ናቸው” ብላለች። ሴና ሮጣ ወደ አባቷ ሄደች።

“አባዬ፣ ያ ስትነግረን የኖርከው ነገር መጥቷል፤ እይ!”

“ቆይ፣ አሁን ዓይኔን አሞኛል።”

ዓይናቸውን ያመማቸው ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ተተካ። ትምህርት ቤቱ ቪዲዮውን ለተማሪዎች ሲያሳይ ተጋብዘው ቀሩ። ሰው በሕይወቱ ሙሉ የተመኘውን ነገር ቤቱ ድረስ ሲያመጡለት፣ ያመጣው ሰው ስለሚያስቀናው ብቻ አላይም ማለቱን እኔ በወቅቱ ልረዳው አልቻልኩም ነበር። አሁን ግን ቅናት እንዲህ እንደሆነ፣ ከራሱ ከቀናው ሰው እንደሚነሣና መጀመሪያ የሚከለክለውም ያንኑ ሰው እንደሆነ ከእሳቸው ተረድቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ እናንተም አትፍረዱባቸው። ሌላ ማንንም አልከለከሉበትም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። በአምቦና በአዲስ አበባ ታክመው፣ በመጨረሻ ቤታቸው ውስጥ በኦክሲጅን ሲሊንደር እየታገዙ ይተነፍሱ ጀመር። “በዚህ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ምንም አልተጫነ፤ ገና ልጅ ነው” እያሉ ጠያቂዎቻቸውን ያስቁ ነበር።

በዚያው ዓመት በሰኔ ጃለኔ ለዕረፍት መጥታ ልትጠይቃቸው ገባች። ባለቤታቸውና ሴና፣ እኔም እዚያው ነበርን። ገና ሳትቀመጥ መምህር ጀመሩ።

“ጃለኔ፣ ዋሽቼ አልሸኝሽም። ቀንቼብሻለሁ።”

“አውቃለሁ፣ መምህር።”

“ማን ነገረሽ?”

“ወንጪ ላይ ያኔ በጀልባ ያሻገርዎት ሰው የአጎቴ ልጅ ነው። ‘ባርሲሳ ደሴቱ ላይ ቁጭ ብለው ሰዓታቸውን ሲያዩ ዋሉ፤ ጸበሉንም አልቀመሱ’ አለን።”

መምህር እስኪያስላቸው ሳቁ። ወይዘሮ ምኞት “ልጅቱ ገደለችው!” እያሉ ጀርባቸውን ደገፉ። ሳሉ ሲያርፍላቸው ጃለኔ ስለ ራሷ ነገረቻቸው። በቤተ ሙከራው አንዲት ልጅ አለች፤ ከእሷ ኋላ መጥታ ከእሷ ፊት የቀደመች።

“ሙከራዋ የተሳካ ቀን ሁሉም ሲያጨበጭብላት፣ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቤቴ ገባሁ” አለች።

“በማግሥቱስ?”

“በማግሥቱ ተመልሼ ገባኋ። ምን አደርጋለሁ?”

ከዚያ ጃለኔ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች። ምርቃት መጠየቋ ነበር። መምህር እጃቸውን አነሡ፤ በራሷ ላይ አቆዩት፤ መልሰው አወረዱት።

“አልወጣም። ገና ነው” አሉ።

“እጠብቃለሁ፣ መምህር።”

“ይኸው፣ ደግሞ አስቀናሽኝ። የምትጠብቂበት ጊዜም አለሽ!”

ሳቀች፤ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሳትመረቅ ሄደች። ወይዘሮ ምኞት እሷን ሸኝተው ተመለሱ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ መምህር ሴናን ጠሩ።

“እስቲ ያን ነገር ክፈችው።”

“የቱን፣ አባዬ?”

“ታውቂዋለሽ።”

ስልኩን ትራስ ላይ አቁማ ከፈተችላቸው። በሁለቱ አልማዞች መካከል ከጸጉር ውፍረት ብዙ የማይበልጥ ትንሽ ቀዳዳ አለች። መጀመሪያ ምንም የሌለባት ትመስላለች። ግፊቱ ሲጨምር ጠርዟ ላይ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ያለ ነገር በቀለ፤ ሞላት፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ቀጥሎ ወደ ብርቱካን ሄደ፤ ከዚያ እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ፤ እየጠቆረ ቀላ። መምህር ኦክሲጅኑን በአፍንጫቸው እየሳቡ፣ ያንኑ ኦክሲጅን ድንጋይ ሲሆን ተመለከቱ። “ድገሚው” አሉ። ደገመችላቸው። ቀኑን ሙሉ ደገመችላቸው።

“‘ቀይ ይሆናል’ እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ” አሉ። “እንዲህ ያለ ቀይ ግን አላልኳቸውም። አላውቀውም ነበራ!”

ቀጥሎም፣ “ይህን በእጇ እየጫነች አየችው። እኔ በስልክ አየሁት” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቅናቱ ያኔም ነበር።

በዚያ ሳምንት የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ነገሩን ሰሙ። ሊያጽናኗቸውም፣ “እንግዲህ ቅናትዎ ተጭኖ ተጭኖ አልማዝ ሆነ ማለት ነው” አሉ።

“አባ፣ ፊዚክሱን ለእኔ ይተዉልኝ” አሉ መምህር። “ቅናቴ ቅናት ነው። ከሰሉ እዚያው አለ፤ ምንም አልሆነም።”

“ታዲያ ምን ተለወጠ?”

“ቅናቱ እስኪወጣልኝ ስጠብቅ ነበር የዘገየሁት። አይወጣም። እሱም እያለ ግን ቀዩን ሳይ ‘ይህቺ ልጅ ትኑርልኝ’ አልኩ፤ ከሆዴ ነው ያልኩት። ሁለቱ አብረው እንደሚቀመጡ አላውቅም ነበር።”

በስልክ ይመርቋት ዘንድ ጠየቅናቸው። እምቢ አሉ። ምርቃት የሚጸናው አሜን በሚለው ሰው ነው፤ ስልክ ላይ ማን አሜን ይላል አሉ። “ሁለት ጊዜ ባዶዋን ሸኝቻታለሁ። ካሳዋ ብዙ አሜን ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰበሰብልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ።” እህታቸው ወይዘሮ እንቁ፣ “በቀብር ላይ የራስ ነውር ይነበባል እንዴ?” ብለው አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ወይዘሮ ምኞት ግን ቆረጡት፤ “ልጅቱን ያን ቀን እስከ ማታ ያስጠበቅኋት እኔ ነኝ። ይነበባል” አሉ።

መምህር እንግዳወርቅ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ምኞት ባይሳን፣ ልጆቻቸውን ሴናንና ቃለአብን፣ እህታቸውን ወይዘሮ እንቁን፣ የወንድምና የእህት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በባኮና በአምቦ ያስተማሯቸውን፣ ቁጥራቸውን እግዚአብሔር የሚያውቀውን ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከባኮ ድረስ መጥታችሁ ለቀበራችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ብዙ ልታይ ተመኝታ ጥቂት ያየችውን ነፍሳቸውን፣ ሁሉን የፈጠረ አምላክ ያላየችውን ሁሉ ያሳያት።

ጃለኔ መምጣት አልቻለችም። አባቷ ኦቦ መርጋ ግን ከባኮ መጥተው በመካከላችን ቆመዋል፤ በስልካቸው ልጃቸው ትሰማናለች። መምህር በአንደበታቸው ነግረውኝ፣ አንድ ቃል ሳልለውጥ እንዳደርስ ያዘዙኝ ምርቃት ይህ ነው። ኦቦ መርጋ ስለ ልጃቸው ይቀበሉ፤ እኛም እጃችንን እንዘርጋ።

“ጃለኔ፣ ልጄ። እኔ ያላየሁትን እዪ። እኔ ያልደረስኩበት ድረሺ። የያዝሽው ይሳካልሽ፤ የጠየቅሽው ይመለስልሽ። አገር ይውደድሽ። ጤና፣ ዕድሜ፣ የሚስቅ ቤት ይስጥሽ። ስትወጪ መንገዱ ይቅናልሽ፤ ስትመለሺ የሚቀበልሽ አይጥፋ። ከአንቺ ኋላ መጥታ የምትበልጥሽ ተማሪ ይስጥሽ። ስትበልጥሽም ያንገብግብሽ፤ ሳያንገበግብሽ የቀረ እንደሆነ አልበለጠችሽም። ያን ጊዜ ግን፣ እያንገበገበሽም ቢሆን፣ በሕይወትሽ ሳለሽ መርቂያት።”

ወገኖቼ፣ ጮክ ብላችሁ አሜን በሉላት፤ ሩቅ ናት።